ቀን ያልተጻፈባት ወረቀት

ስልኩ የተደወለልኝ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የደወሉት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ አሰላ ከሚገኙት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ለረጅም ዓመታት በሬጅስትራርነት የሠሩ ሰው። በአማርኛ ሲያወሩ መቀለድ ይወዳሉ። ነገሩ የምር ሲሆን ወደ ኦሮምኛ ይመለሳሉ። ያን ቀን በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ብርሃኔ አረፈች አሉኝ።

በጋዜጠኝነት ብዙ የሞት ዜና ተቀብያለሁ። ስልክ ላይ ምን እንደምጠይቅ አፌ ያውቀዋል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት። ያን ቀን አንዱንም አልጠየቅሁም። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ብዕሬ ተከፍቶ እጄ ላይ ነበር፤ ፊቴ ያለው ወረቀት ግን ባዶ ነው። መልሼ ደወልኩና «መቼ?» አልኳቸው። ኦቦ ገመቹ፣ እሷ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር አሉኝ። ያረፉት ዛሬ ጠዋት እቤታቸው ነው። ልባቸው እንደሆነ ሐኪሙ ተናግሯል። ቀብሩ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

እስካሁን ያልገባኝ ነገር ቢኖር ሐሙስ ዕለት ስልክ አውርተን መሳቃችን ነው። ሰኞ ስለሚጀምሩት ስልጠና ነግረውኝ፣ መጥተህ እንዳትቀርጸኝ፣ አንተ ስትመጣ ጥፋት ይገኛል ብለውኝ ነበር።

ወይዘሮ ብርሃኔ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። እንዲህ ሲባል ሰፊ አዳራሽ የሚታየው ሰው ይኖራል። ክፍሉ ግን አራት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር የሚይዝ ነው። መስኮቱ ወደ ጭላሎ ተራራ ይከፈታል ይባላል፤ እኔ ግን በብርዱ ምክንያት ተከፍቶ አይቼው አላውቅም። መደርደሪያው ላይ የተጠረዙ ነጋሪት ጋዜጣዎች፣ የክልሉ አዋጆችና የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በየቅጻቸው ተሰልፈዋል። መጀመሪያ የተቀጠሩት በታይፒስትነት ነው። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ «መጽሐፉን ጠብቂ» ተብለው እዚያ ክፍል ገቡ። ሥራውን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ራሳቸውን አስተማሩ።

በየቀኑ ጠዋት ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ የቀን ማህተሙን ያነሳሉ። ጎማውን ወደ ዕለቱ ቀን ያዞራሉ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ያስተያያሉ፣ ከዚያ የግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ይመቱታል። ቀኑ ትክክል መሆኑን የሚፈትሹት በዚያ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቀን እጃቸው ላይ ታትሞባቸው ይውሉ ነበር። ወደ ገበያ ሲወርዱ ጉልት ያሉት ሴቶች ያውቋቸዋል። «አደ ብርሃኔ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩን፤ ዛሬ ስንት ሆነ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይስቁ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ለዳኞችና ለጠበቆች መጽሐፍ ሲሰጡ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያያይዛሉ። ወረቀቷ ላይ የሕጉ ወይም የውሳኔው ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ «እስከ ዛሬ የመጨረሻው ይህ ነው» የሚል መስመር፣ ፊርማ፣ ማህተም። ሕጉ ተሽሮ ወይም ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ወረቀቷ ይህንኑ ትናገራለች። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «ሕግም ይሞታል» አሉኝ። «መርዶውን የምነግር እኔ ነኝ።»

ስልጠና እንዲሰጣቸው በየዓመቱ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ስልጠና ለዳኛ አለ፣ ለዐቃቤ ሕግ አለ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛም አለ። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የታሰበ ነገር አልነበረም። አንድ ኃላፊ መጽሐፍ ለመደርደር ደግሞ ምን ስልጠና ያስፈልጋል ብለው በሰው ፊት ሳቁባቸው።

«ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ለመደርደርስ?» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ። ኃላፊው ሲያቅማሙ ቀጠሉ፦ «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንኳ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። ሕጉ ላይ ማን ይጻፍበት?»

ከስምንት ዓመት በፊት ስልጠናው በመጨረሻ መጣ። አዳማ ላይ የሁለት ሳምንት ነው። የነገሯቸው ግን ዛሬ ከሰዓት ነው፤ መግባት ያለባቸው ነገ ጠዋት። የቢሮው መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ሳለ፣ አንድ ዳኛ ስለ ይርጋ የተሰጠውን የሰበር ውሳኔ ፈለጉ። ይርጋ ማለት አንድ ሰው ክስ ሳያቀርብ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ የመክሰስ መብቱ ይቀራል ማለት ነው። ወይዘሮ ብርሃኔ ቅጹን አውጥተው፣ ወረቀቷን ጽፈው፣ ፈርመው ሰጡ። ማህተሙን ግን ቀድመው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። ቁልፉ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳው መኪናው ውስጥ። ወረቀቷ ቀን ሳይኖራት ሄደች።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። እሳቸውም ያን ጊዜ ልብ አላሉትም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ችሎቱ የራሱን የቀድሞ ትርጉም መለወጥ ይችላል። ሲለውጥ አዲሱ ቅጽ ታትሞ ይመጣል፤ የድሮው ቅጽ ግን መደርደሪያው ላይ እንደ ድሮው ደልቶት ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አንባቢው በድሮው ይፈርዳል።

ወይዘሮ ብርሃኔ በሄዱ በሦስተኛው ቀን አንድ ጥቅል መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። ጥበቃው ተቀብሎ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠው። በሁለተኛው ሳምንት ዳኛው ከሲሬ በመጣ አንድ የመሬት ክርክር ላይ ውሳኔ ሰጡ። ከሳሿ ወይዘሮ ጫልቱ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሲያርሱት የኖሩትን መሬት የባላቸው ወንድም ይዞባቸዋል። ፍርድ ቤቱ በድሮው ትርጉም መሠረት የክሱ ጊዜ አልፏል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ከመዝገቡ ጋር የወይዘሮ ብርሃኔ ወረቀት ተያይዛለች፦ እስከ ዛሬ የመጨረሻው ይህ ነው።

እኔ በዚያ ወቅት አርሲን ጨምሮ አካባቢውን ለሬዲዮ የምዘግብ ነበርኩ። ሥራ ላይ እያሉ ስለሚማሩ ሰዎች አንድ ዝግጅት ይዤ፣ ወይዘሮ ብርሃኔ ከአዳማ በተመለሱ ማግስት ቢሯቸው ሄድኩ። ዝናብ ነበር። የምስክር ወረቀታቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ፍሬም አልገባም፤ ጥግ ጥጉን በመጽሐፍ ጫን አድርገውታል።

ደስ ብሏቸው ነበር። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ስልጠናው ላይ የተማሩትን ሠንጠረዥ አሳዩኝ፦ በግራ በኩል የቀድሞው ውሳኔ፣ በቀኝ በኩል እሱን የለወጠው፣ በመጨረሻ አዲሱ ቅጽ ቤተ መጻሕፍቱ የደረሰበት ቀን። አዲስ ቅጽ በመጣ ቁጥር ማውጫውን ከላይ እስከ ታች ማንበብና ሠንጠረዡን መሙላት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩኝ ብዬ መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ያን ጥቅል አስመጡና ክሩን በመቀስ ቆረጡ። በእርሳስ እየጠቆሙ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስለ ውርስ አነበቡ። ስለ ኪራይ አነበቡ። ስለ መሬት ክስ ይርጋ የሚለው ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ።

ያ ዝምታ አሁንም መቅረጫዬ ላይ አለ። ቅዳሜ መርዶውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ፈልጎ ማዳመጥ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከመዝገብ ቤት መዝገቡን ይዘው ተመልሰው ወረቀቷን እስኪያዩ ድረስ አንድም ቃል የለም። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፤ ለማንም የተነገረ አይመስልም።

«ቀን አልጻፍኩም።»

ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ደንግጬ አላውቅም ባልልም፣ ድንጋጤዬን መደበቅ እችላለሁ። ያን ቀን ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቀን ጽፈህ አስቀምጠው» አሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ገቡ። ነገሩን ሰምተው መዝገቡን ገለጥ አደረጉ፤ ወረቀቷን አዩ። ሁለቱ በአንድ ዘመን የተቀጠሩ፣ እንደ እህትና ወንድም የሚሰዳደቡ ሰዎች ናቸው።

«አንቺ ብርሃኔ፣ የሄድሽው ረቡዕ አይደል? የረቡዕን ቀን ጻፊበትና ተገላገይ» አሉ። «በዚያ ቀን የመጨረሻው እሱ አልነበረም? ውሸት የለበትም።»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ቀን የመጨረሻው ቅጽ እሱ ነበር። ረቡዕ ቢጻፍበት፣ ከዚያ ወዲያ የመጣውን አለማየት የዳኛው ጥፋት ይሆናል፤ እሳቸው ነፃ ናቸው። ማህተሙ እጃቸው አጠገብ ነበር። ጎማውን ማዞር ብቻ ነው የቀረው።

«ቀኑ እውነት ነው» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ። «ያኔ እንደጻፍኩት ማስመሰሉ ነው ውሸቱ።»

«ማን ያየዋል ታዲያ?»

«አንተ አየኸው እኮ።»

ኦቦ ገመቹ መዝገቡን ዘጉና ወጡ። እኔ ጋዜጠኛው እዚያ መቀመጤን ያስታወሱ አይመስለኝም፤ ወይዘሮ ብርሃኔም «አንተ» ሲሉ ያዩት ወደ እኔ አልነበረም።

ወይዘሮ ብርሃኔ ወዲያው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዘንድ ገቡ። ፕሬዚዳንቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ውሳኔ የተሰጠበትን መዝገብ እንዲሁ መልሶ መክፈት እንደማይቻል፣ የተበደለች ወገን ካለች ለበላይ ፍርድ ቤት ማመልከት እንደምትችል ነገሯቸው። ለማመልከት የቀረው ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነው። የፍርድ ቤት ሠራተኛ ግን ባለጉዳይ ፈልጎ ሄዶ እንዲህ አድርጊ ሊል አይችልም። ይህ ደንብ ነው፤ ወይዘሮ ብርሃኔም ደንቡ ትክክል እንደሆነ ያምኑ ነበር። ዛሬ አንዷን የመከረ ሠራተኛ ነገ ባለጋራዋን ይመክራል ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ይህን ሁሉ አያውቁም። ጉዳዩ አለቀ ብለው ሲሬ ተመልሰው ዕቃቸውን ወደ ወንድማቸው ቤት ማጓጓዝ ጀምረዋል።

በማግስቱ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ነው። ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

«ለባለጉዳዮችና ለሕግ ባለሙያዎች። አዲስ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ደርሷል። ስለ መሬት ክስ ይርጋ የነበረው ትርጉም በዚህ ቅጽ ተለውጧል። ቅጹ ስልጠና ላይ ሳለሁ መጥቶ ሳይከፈት ቆይቷል። ከመሄዴ በፊት የድሮውን ቅጽ ለችሎት ስሰጥ ያያያዝኩት ወረቀት ላይ ቀን አልጻፍኩም። ስህተቱ የእኔ ነው። በዚህ መካከል በድሮው ትርጉም ውሳኔ የተሰጠበት ሰው ካለ ጊዜው ሳያልፍ የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ።» ከዚያ ስማቸው፣ ፊርማቸው፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ሥር የቀን ማህተም።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንድ ጠበቃ በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ ድሮ ንስሐ ለነፍስ አባት ነበር፣ ዘንድሮ በሰሌዳ ወጣ ብሎ አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ብዙ መሥሪያ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። ጥፋት ሲሸፋፈን፣ በሌላ ሰው ሲሳበብ፣ ለሟች ሲሰጥ አይቻለሁ። አንድ ሠራተኛ ማንም ሳይጠይቀው የገዛ ጥፋቱን ፈርሞ፣ ማህተም መትቶ ሕዝብ በሚያልፍበት ሲለጥፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ለማመን ነው።

ነገር ግን ሰሌዳ እግር የለውም። ወይዘሮ ጫልቱ ሲሬ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወይዘሮ ብርሃኔን ለማነጋገር ብሞክር ሠንጠረዣቸውን ከመሙላት ቀና አላሉም። ልወጣ በሩን ስይዝ ጠሩኝ።

«ሬዲዮህ ሲሬ ድረስ ይሰማል?»

ከዴራ እስከ ሲሬ ጥርት ብሎ ነው አልኳቸው።

«እንዲያው ነው የጠየቅሁት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማስታወቂያው ለሕዝብ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው። አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ በዜና ላይ አነበብኩት። ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ሲሬ ገበያ ላይ አንድ እህል ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰማና ይቺ ነገር የጫልቱን ጉዳይ ትመስላለች ብሎ ሰው ላከባቸው። ወይዘሮ ጫልቱ አሰላ ሲደርሱ የቀራቸው አራት ቀን ነበር። ጠበቃ ይዘው አመለከቱ። ከወራት በኋላ ውሳኔው ተሽሮ ክርክሩ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ፤ መሬቱም በስተመጨረሻ ተፈረደላቸው። ዛሬም ገብስ ይዘሩበታል።

ወይዘሮ ብርሃኔ በዲሲፕሊን ተከሰሱ። ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ መለጠፍና የመሥሪያ ቤቱን ስም ማጉደፍ ተባለ። ኮሚቴው ፊት ቀርበው ጉዳዩን ለጋዜጠኛ የሰጠው ማን ነው ሲባሉ «ሰሌዳው» ብለው እንደመለሱ ኦቦ ገመቹ ነግረውኛል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ለሁለት ዓመት ደግሞ ከማንኛውም ስልጠና ታገዱ፤ ይህ ሁሉ የመጣው ስልጠና ሄደው ነው ተብሎ። ሁለቱ ዓመት ሲያልፍ ስማቸውን ወደ ዝርዝሩ የሚመልስ ሰው አልተገኘም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወይዘሮ ጫልቱ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ብርሃኔ አልወጡም። በጥበቃው በኩል መልእክት ላኩ፦ «ቅቤ ይዤ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ በላት።» ቅቤው ወደ ሲሬ ተመለሰ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያም በኋላ ቀርበው አልተነጋገሩም። የሁለቱን ዝምድና የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ስልጠና ሲከለከሉ የራሳቸውን ስልጠና ጀመሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤቶች ይደውላሉ፤ ወደ ሲሬ፣ ወደ ዴራ፣ ወደ አቦምሳ። በየቦታው የሕግ መጻሕፍትን የሚይዝ አንድ ሰው አለ፤ አብዛኛው እንደሳቸው መጽሐፉን ጠብቅ የተባለ ነው። ምን ደረሰህ፣ ምን ተሻረ፣ ምን ተማርክ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ የለም ከሆነ ይቆጣሉ። የአቦምሳዋ ሐሊማ ሥራ እንደጀመረች ሰሞን የእረፍት ቀኖቿን ሰውታ አሰላ መጥታ አንድ ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጣ ተምራለች። እያንዳንዱ ሐሙስ ፈተና ነበር ትላለች፤ ረቡዕ ማታ ደብተሯን ስታገላብጥ ታመሽ ነበር።

ዘንድሮ የመጣው አዲስ ፕሬዚዳንት ስለዚህ የሐሙስ ስልክ ሰማ። የወረዳዎቹ ሠራተኞች አሰላ ተሰብስበው አንድ ሳምንት እንዲሰለጥኑ፣ አሰልጣኟም ወይዘሮ ብርሃኔ እንዲሆኑ ፈቀደ። የሚጀመረው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሞቱ።

እሑድ ከአዳማ ወጥቼ ዴራን አልፌ ወደ ደጋው ስወጣ እንኳ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ቀብሩ ላይ ወይዘሮ ጫልቱን ከሕዝቡ ራቅ ብለው ቆመው አየኋቸው። አስከሬኑን ያጠቡት ጎረቤት ያሉትን ግን መርሳት አልቻልኩም። የግራ እጃቸው ጀርባ ላይ የአርብ ቀን ታትሞ ነበር። በሳሙናም በሎሚም ቢያሹት አልለቅ አለ። ከነቀናቸው ገነዝናቸው አሉኝ።

ሰኞ ከሰዓት ኦቦ ገመቹ ቤተ መጻሕፍቱን ከፈቱልኝ። የዴራውና የሲሬው ሠራተኞች ትናንት ለቀብር ስለመጡ አልተመለሱም፤ ደብተራቸውን ይዘው ከሦስቱ ወንበሮች በሁለቱ ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደሚጠብቁ የሚያውቁ አይመስሉም። ኦቦ ገመቹ ከመሳቢያው ያንን የምስክር ወረቀት አውጥተው ገልብጠው ሰጡኝ።

ጀርባው ላይ እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ተለጥፎበታል። በየስድስት ወሩ አንድ መስመር። በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተማሩት ነገርና ያስተማራቸው ሰው። «በስልክ የሚዞር አዋጅ ማህተም ቢኖረውም ረቂቅ ሊሆን ይችላል፤ ከሐሊማ፣ አቦምሳ።» «የድሮውን ቅጽ ከመደርደሪያ አለማውጣት፤ በድሮው ጊዜ ለተፈጸመ ነገር ይፈለጋል፤ ከዴራ።» «ሲቸኩሉ መጽሐፍ አለመስጠት፤ ከራሴ።» ይህኛው የተጻፈው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ከላይ በእጃቸው የጻፉት ርዕስ «በውሰት የተሰጠኝ» ይላል። የተማሩት ነገር ከሌለ ወረቀቱን የሚመልሱ ይመስል፣ በየስድስት ወሩ ለራሳቸው ሲያድሱት ኖረዋል። ስምንት ዓመት፣ አሥራ ስድስት መስመር። የመጨረሻው መመለሻ ቀን ያ ሰኞ ነበር።

ይህን ይዤ ቆሜ ሳለ ሐሊማ ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነው፤ የጉዞ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ኦቦ ገመቹ፣ ቀብሩ ተራዘመ እንዴ?» አለች።

መርዶው አቦምሳ አልደረሳትም ነበር። ሰኞ በማለዳ ተነስታ ለስልጠና መጣች። ግቢ ስትገባ ሰሌዳው ላይ የወይዘሮ ብርሃኔን ፎቶ አየች፤ ከሥሩ የቀብር ሥነ ሥርዓት ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይላል። ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቅጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ዘጠኝ አለፈ፣ አሥር አለፈ፣ ሰው አልመጣም።

«ትናንት ነው፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ዛሬ ይላል እኮ!»

ሁላችንም ወጣን። ወረቀቱ ያው ሰሌዳ ላይ ነው። ቅዳሜ አዘጋጅተው እሑድ በማለዳ የለጠፉት ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ናቸው። ሙሉ ስም አለ፣ የአገልግሎት ዘመን አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ቀን የለም። እኔም እሑድ ጠዋት ቆሜ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም።

ኦቦ ገመቹ ብዕራቸውን አወጡ። «ዛሬ» ከሚለው ቃል አጠገብ የእሑድን ቀን ጻፉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ምን እንዳስታወሱ ገባኝ፤ ያኔ የረቡዕን ቀን ጻፊበት ማለታቸውን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከታች በትንንሽ ፊደል ጨመሩ፦ «ቀኑ በስህተት ተዘሎ ነበር፤ የተጻፈው ሰኞ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።» ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

«ማህተሟን አምጪልኝ» አሏት ሐሊማን።

አመጣችው። ማህተሙ አርብ ላይ እንደቆመ ነበር። ሐሊማ ጎማውን ቀስ እያለች አዞረች፦ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። የግራ እጇን ጀርባ አዙራ መታችበት፤ ቀረብ አድርጋ አየችው። ከዚያ እጇን ለኦቦ ገመቹ ዘረጋችላቸው።

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቀኑ ትክክል ነበር።